የአውራ ዶሮ ምልክት ያለበት ስቴካ

እጄ እንጨት ካወቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በር፣ መስኮት፣ የጠፍር አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን፣ መቋሚያ ሳይቀር ሠርቻለሁ። ያበላሸሁትም ሞልቷል፤ አልዋሽም። ልጆቼ «ያንን ነገር ጻፈው» እያሉ ሲነዘንዙኝ ከርመው ዛሬ ደብተር ገዝተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። ያንን ነገር የሚሉት መተማ ውስጥ በአንድ የቢሊያርዶ ዘንግ የተነሳ የሆነውን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ላስገድል ነበር። ያውም ክፉ አድርጎብኝ የማያውቅ ሰው።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ገደማ ይሆናል። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ሙያውን ከአባቴ ለመድኩ። ወደ ቆላው የወረድኩት ሥራ ፍለጋ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሰፈር ይሠሩ ስለነበር አናጢ ይፈልጋሉ። «ለጠላት ሠራህ ወይ?» የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ ሠራሁ። ሆድ አለኝ፣ የምጦራት እናትም ነበረችኝ። በዚህ የምትቀየሙኝ ከሆነ ትንሽ ታገሱ፤ የባሰው ገና ይመጣል።

መኮንኖቹ ቢሊያርዶ የሚጫወቱበት ቤት ነበራቸው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰውን ጠረጴዛ በካሚዮን ከጎንደር አስመጥተውታል። መጫወቻውን ዘንግ ስቴካ ይሉታል። ረጅም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ ትንሽ የነሐስ ቀለበትና ኳሱን የምትነካ የቆዳ ቁራጭ ላይ ያልቃል። ወደ መያዣው ሲመጣ ደግሞ ነጩ እንጨት እንደ መጋዝ ጥርስ ሾሎ ጥቁር እንጨት ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ የኛን ዞጲ ይመስላል። በሚያዝያ የመተማ ፀሐይ ምን ትተዋለች? እንጨቱ ይጎብጣል፣ ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ ቆዳዋ ትረግፋለች። ያንን ሁሉ የማቃናው እኔ ነበርኩ። የቤቱ ስቴካዎች ስድስት ናቸው፤ መያዣቸው ወፍራም ቀይ ቀለም ተቀብቶ የጦሩ ቁጥር ተጽፎበታል።

ካፒቴኑ ግን የራሱ ስቴካ አለው። ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሌላ ሰው ሲነካው ደሙ ይፈላል። አንድ ቀን ቆዳዋን እንድቀይርለት እኔ ዘንድ ላከው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። መያዣው ላይ በእሳት የተተኮሰ አውራ ዶሮ አለበት፤ ላባው ሁሉ ይቆጠራል። ሰም ቀብቼ ወልውዬ መለስኩለት፤ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስቴካ እኔን የሚያህል ሰው ያለ አልመስለኝ አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። በዚያ አገር የግመሉም የከብቱም ባለቤት የሚታወቀው በምልክቱ ነው፤ ብረት አግሎ ቆዳው ላይ ይተኩስበታል። ሱዳኖቹ ወስም ይሉታል። መተማ የጠፋ ግመል ገዳሪፍ ገበያ ቢገኝ ምልክቱ ይታያል፣ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ አለቀ። ሁለት ዓመት ስኖር ይኸው ልማድ እኔም አእምሮ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዶሮውን ሳይ የካፒቴኑ ወስም ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት።

ካፒቴኑ በወባ ታሞ ለሕክምና ጎንደር ወጣ። ዕቃውን የተረከበው ምክትሉ፣ ተነንቴው፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ቢሊያርዶ የማይጫወት ሰው ነው። ካፒቴኑ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ስቴካው ጠፋ ተባለ። ሣጥኑ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ካፒቴኑ ሲመለስ ምን ሊለው ነው? ተነንቴው እንደ እብድ አደረገው። ዘበኞቹን አሰለፈ፣ አሽከሮቹን ገረፈ፣ በመጨረሻ ወታደር ወደ ገበያ ልኮ ዱካኖቹን አስበረበረ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ ሮጦ መጣ። «ና፣ ተነንቴው ይጠራሃል።»

ስደርስ ሐጂ እድሪስ ግቢው መሐል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው ወልቆ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂን መተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጨርቅ፣ ሚስማር፣ ስኳር ይሸጣሉ፤ ሙጫና ሰሊጥ ድንበር ማዶ፣ እንግሊዝ ወደያዘው ገላባት እያሻገሩ ይነግዳሉ። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔም ሚስማር ከእሳቸው ነው የምገዛው፤ ተመርቄ እንጂ ተቆጥተውኝ ወጥቼ አላውቅም።

ተነንቴው አንድ ስቴካ ይዟል። ጫፉ ላይ የታጠፈ ሚስማር ተመትቶበታል፤ እንደ ሜንጦ። አስተርጓሚው ባሻይ ገብራይ የሚባሉ ከባሕረ ምድር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«የስቴካ አዋቂ አንተ ነህ ብዬዋለሁ ለተነንቴው። ይኼን ከሐጂ ዱካን ነው ያገኙት። የማን እንደሆነ ተናገር ይልሃል።»

ተነንቴው መያዣውን ወደ እኔ አዞረው። ዶሮው አለ። ቀና ያለ አንገት፣ የተነሳ ጭራ። እጄን እንኳ አልዘረጋሁም።

«የካፒቴኑ ነው» አልኩ። «ምልክቱ ይኸውና!»

ሐጂ ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያዘውና አገላብጠህ እየው» አሉ።

«አይቼዋለሁ፣ ሐጂ።»

«ጨርቅ ማውረጃዬ እኮ ነው።»

ባሻይ ተረጎሙ። ተነንቴው ሳቀ። ሚስማሩን ለማሳሳት ነው የመታበት አለ። ከዚያ ገላባት የሚመላለሱት ነገር ተነሳ፤ የእንግሊዝ ጆሮ ነው ተባለ። አንዴ ሌባ ከተባሉ ሌላው ነገር ሁሉ እንደ ጉድ ተከተለ። ፍርዱ እዚያው ቆሞ ተሰጠ፦ ሠላሳ ጅራፍ፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በካሚዮን ወደ ጎንደር። በዚያ ካሚዮን በእንግሊዝ ነገር ተጭኖ የሄደ ሰው ሲመለስ ያየ የለም። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም አውቃለሁ።

አዋቂ ተብዬ ስለተጠራሁ ምላሴን ያዝ አላደረግኩም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጅራፉ ሲጮህ ከምሠራበት የሮቃ ዛፍ ሥር ሆኜ ይሰማኛል፤ መላጊያዬን ጠበቅ አድርጌ ሳንቃ ላግኩ። ሌባ ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ። እንዲህ ብዬ ነበር፤ ልጽፈው ቃል ስለገባሁ ነው የጻፍኩት።

ረቡዕ ጠዋት የሐጂ ሚስት እትዬ ዘሃራ መጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። ከሮቃው ጥላ ገብተው እንጨቴ ላይ ቁጭ አሉና ፊቴን አዩት።

«የመሰከርከው አንተ ነህ?»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ምን አየህ?»

«ምልክቱን ነዋ! የካፒቴኑን ዶሮ።»

«ያ ዱላ ከልጄ ከሐሊማ በዕድሜ ይበልጣል። ሐሊማ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባሌ ገዳሪፍ ከአንድ ግሪክ ነው የገዛው፤ ቡና ቤቱን ዘግቶ ዕቃውን ሲበትን። ላይኛው መደርደሪያ አልደርስ ስላለው ሚስማር መታበትና ጣቃ ጨርቅ ያወርድበታል።»

«እሱን ለተነንቴው ይንገሩት።»

«ነገርኩት፤ ጎረቤቶቼም ነገሩት። የሱ ሰዎች ናችሁ አለን። አንተ ዘንድ የመጣሁት ልለምንህ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የኛ ግመሎች ወስም ሁለት መስመርና ነጥብ ነው። ግመሉም ላይ፣ ኮርቻውም ላይ፣ የሰሊጡ ጆንያ ላይም አለ። የካፒቴኑ ምልክት ዶሮ ነው ያለህ ማነው?»

«ስቴካው ላይ አየሁታ።»

«በቅሎው ላይስ? ኮርቻው ላይስ? ሣጥኑ ላይስ?»

ዕቃውን በሐሳቤ ቆጠርኩት። የካፒቴኑን መደርደሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሻንጣውንም፣ ኮርቻውንም፣ የመጽሐፍ ሣጥኑንም በእጄ አንስቻለሁ። ሁሉም ላይ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ነው ያለው። ዶሮ የሚባል ነገር የትም የለም።

ግን ወጣት ነኝ፣ ዕልኸኛ ነኝ። «ሴት ስለ እንጨት ምን ታውቃለች!» ብዬ መላጊያዬን አነሳሁ። እትዬ ዘሃራ ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «እኔ ስለ እንጨት አላውቅም። አንተ ታውቃለህ ብለውኝ ነው የመጣሁት» ብለው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ አንድ ሳንቃ አበላሸሁ። ሁለተኛውንም አበላሸሁ። ከዚያ መሮና ቢላዬን ይዤ ወደ መኮንኖቹ ቤት ሄድኩ፤ ቆዳ ላጣብቅ ነው አልኳቸው ለዘበኞቹ። በዚያ ሰዓት ከሙቀቱ የተነሳ ሁሉም ተኝቷል። ስድስቱን ስቴካ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ቀዩን ቀለም ቀስ እያልኩ ከመያዣቸው ላይ መፋቅ ጀመርኩ። ቢይዙኝ ጉዴ ነው፤ የጦሩን ቁጥር ነው የምፍቀው።

ከመጀመሪያው ሥር ምንም የለም። ከሁለተኛው ሥር ጭራ ወጣ። ቀጥሎ ክንፍ፣ ቀጥሎ አንገት። አውራ ዶሮ! ሦስተኛውም ላይ ዶሮ፣ አራተኛውም ላይ፣ አምስተኛውም ላይ፤ ስድስተኛው እንደ መጀመሪያው ባዶ ነው። ላቤ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አራት ዶሮ ፊቴ ተደርድሯል፤ አንዱም የካፒቴኑ አይደለም። ለካ ምልክቱ የባለቤቱ ሳይሆን የሠሪው ኖሯል። እኔ የሠራሁት አልጋ ላይ ስሜን ጽፌ ስለማላውቅ፣ ሠሪ በዕቃው ላይ ምልክት ያደርጋል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ተቀምጬ እንደገና አየኋቸው፤ በዚህ ጊዜ በትክክል አየኋቸው። ሁለቱ ላይ ዶሮው ብቻውን ቆሟል። ሁለቱ ላይ ደግሞ ዶሮውን ክብ ቀለበት ከቦታል። ዶሮው ብቻውን ያለባቸውን መገጣጠሚያ አየሁ፤ ነጩ እንጨት ጥቁሩ ውስጥ የገባበት ጥርስ እኩል አይደለም፣ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል። በእጅ መጋዝ የተቆረጠ ነው። ቀለበት ያለባቸው ግን ጥርሳቸው ልክ ለልክ ነው፤ እጅ እንዲያ አይቆርጥም፣ መኪና ነው። ስለዚህ አሮጌና አዲስ አለ ማለት ነው። የካፒቴኑስ? የካፒቴኑን ስወለውል ዶሮውን የከበበ ቀጭን ቀለበት ውስጥ ሰም ገብቶብኝ በመርፌ እየለቀምኩ ሳወጣ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል! እንዴት ረሳሁት? የሐጂ ስቴካ ላይስ ቀለበት አለ? አላስታውስም። አላየሁትማ።

ባሻይ ገብራይ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ነበሩ። እጃቸውን ያዝኳቸው። «ባሻይ፣ የካፒቴኑን የስቴካ ሣጥን አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ሰው፣ ትናንት የተናገርከውን ቃል ዛሬ ልታጥፍ? አንተንም ነው የሚያጋድምህ፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ግራ ቀኝ አይተው በሩን ከፈቱ። ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀለበት ውስጥ የቆመ አውራ ዶሮ አለበት። ባሻይ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። የሠሪው ስም፣ የከተማው ስም። ከሥሩ ደግሞ ሠሪው ለሥራው ሜዳልያ እንደተሸለመና ከዚያ ወዲህ ምልክቱ በሜዳልያው ቀለበት ውስጥ እንደሆነ ይናገራል፤ የተሸለመበትም ዘመን አለ። ባሻይ ጣታቸውን አጥፈው አሰቡና «ይኼ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወታደር የገባሁበት ሰሞን ነው» አሉ። ይኼን ሲሉኝ ጥርሳቸው ሁሉ የረገፈ ሰው ናቸው፤ ቀለበት የሌለው ዶሮ እንግዲህ ከዚያም ይቀድማል።

«የሐጂ ስቴካ ቀለበት አለው?» አልኳቸው።

ስቴካው እዚያው ግምጃ ቤት ነው። ሄደው አመጡት። ዶሮው ብቻውን ቆሟል። ጥርሱም አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። እትዬ ዘሃራ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ትናንት እጄን ዘርግቼ ይዤው ቢሆን በአንድ አፍታ አየው ነበር።

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ገላባት በሚያሻግረው ደረቅ ወንዝ ዳር ቆሜ ነበር። አልደብቃችሁም፣ ልጠፋ ነው የሄድኩት። ማዶው ይታያል። መሣሪያዬን በከረጢት ይዣለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም። «ማዶ ሆኜ ደብዳቤ ልላክ» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። ደብዳቤውን ማን ሊያነበው? ከዚያ ጅራፉ ሲጮህ ሳንቃ የላግኩበት ነገር መጣብኝ፤ ራሴን ጠላሁት። ከረጢቴን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ካሚዮኑ ግቢው ውስጥ ሞተሩ በርቶ ቆሟል። ሐጂን አምጥተዋቸዋል። እጃቸው ከፊት ታስሯል፤ ልብስ እንኳ ጀርባቸውን ሲነካው ስለማይችሉት ጎንበስ ብለው ነው የቆሙት። እትዬ ዘሃራና ሐሊማ ከአጥሩ ውጭ ናቸው። አራቱን ስቴካ አቅፌ ወደ ተነንቴው ሄድኩ።

«ባሻይ፣ ማክሰኞ ዕለት የተናገርኩት ስሕተት ነው በሉልኝ።»

ባሻይ አንዴ አይተውኝ ተረጎሙ። ተነንቴው ቀላ። የራሱን የጦር ንብረት ቀለም ተፍቆ ሲያይ ደግሞ ጮኸ፤ ያለውን ሁሉ ባሻይ አልተረጎሙትም። እኔ ግን ስቴካዎቹን ካሚዮኑ አፍንጫ ላይ ደረደርኳቸው፣ የሐጂንም አስመጣሁ፣ የሣጥኑንም ክዳን። ዶሮውን በጣቴ እያሳየሁ፣ ጥርሱን እያሳየሁ፣ ቀለበቱን እያሳየሁ ተናገርኩ። ተነንቴው ወረቀቱን ራሱ አነበበ። ያመነ መሰለኝ።

«ቀለበቱን ፍቆት ቢሆንስ?» አለ።

በእሳት የተተኮሰ ነገር ተፍቆ እንዲህ ልስልስ እንደማይል ነገርኩት። አልሰማኝም፤ እኔ ማክሰኞ የዋሸ ሰው ነኝ። እውነቱን ነው፣ ለምን ይመነኝ? ሐጂን ወደ ካሚዮኑ ገፏቸው። አንድ እግራቸውን አንስተው ጎማው ላይ አደረጉ።

«ሚስማሩ!» አልኩ ጮኼ። «ባሻይ፣ ስቴካው ከተሰረቀ ስንት ቀኑ ነው በሉልኝ!»

«ከሦስት ሳምንት አይበልጥም ይላል።»

«እንግዲህ ሚስማሩን ልንቀለው።»

ጉጠቴን አወጣሁ፣ ሚስማሩን ነቀልኩ፣ መሮዬን ጫፉ ላይ ደግኜ በመዶሻ መታሁት። የስቴካው ጫፍ ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ ነጭ እንጨት ነው፤ ሚስማሩ የተቀመጠበት ግን ዙሪያውን እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ጥቁረቱም በእንጨቱ ጅማት ወደ ውስጥ ጣት የሚያህል ዘልቋል። አናጢ የሆነ ሁሉ ይኼን ያውቃል። የሚስማር ዝገት እንጨት ውስጥ እንዲህ የሚሄደው በክረምትና በበጋ ብዛት ነው፤ በሦስት ሳምንት ቀለም እንኳ አይለውጥም።

ተነንቴው አናጢ አይደለም። አየው፣ አልገባውም። የካሚዮኑ ሾፌር ግን፣ ሽበታም ጣሊያን፣ ከመቀመጫው ወርዶ መጣ። ማንም ሳይጠይቀው የተሰነጠቀውን እንጨት ከእጄ ወሰደና ጥቁሩን በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው። አባቱ አናጢ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ለተነንቴው አጭር ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳቸው ባሻይን።

«ብዙ ዓመት ነው አለ።»

ተነንቴው ወረቀቱን አየ፣ ሾፌሩን አየ። አንድ ጣሊያን በሰው ፊት ተናግሮበታል፤ የኛ ቃል ቢሆን ኖሮ ካሚዮኑ ይሄድ ነበር። እጁን አወዛወዘ፤ ሐጂን ፈቷቸው። እትዬ ዘሃራ ከአጥሩ ውጭ እልል አላሉም፣ አልጮኹም፤ ገብተው ባላቸውን በክንዳቸው ደግፈው ይዘው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ሐጂም እትዬ ዘሃራም አላዩኝም።

እኔ ለሐሰተኛ ምስክርነቴና ለተፋቀው ቀለም አሥር ጅራፍ ተገረፍኩ፤ ከሥራም ተባረርኩ። ስለ ጅራፉ ብዙ አልጽፍም። ሲገርፉኝ ስቆጥር አሥር ላይ ሲቆም «ሌላ ሃያ ቀረ» ብዬ አሰብኩ፤ የሐጂን ሠላሳ ማሰቤ ነው። የካፒቴኑ ስቴካ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ መኮንን ደብቆት ይሆናል፣ ካፒቴኑ ራሱ ይዞት ሄዶ ይሆናል። አልተገኘም።

ከወር በኋላ ሽማግሌ ይዤ ሐጂ ቤት ሄድኩ፤ አንድ ቄስና አንድ ሼህ። ሐጂ በሆዳቸው ተኝተው ነበር፤ ጀርባቸው ገና አልደረቀም። እግራቸው ሥር ወደቅኩ። አሮጌውን ስቴካ አበላሽቼባቸው ስለነበር ከዞጲ የተሠራ አዲስ የጨርቅ ማውረጃ ይዤ ነበር፤ በር ላይ አስቀመጥኩት። ሼሁ ተናገሩ፣ ቄሱ ተናገሩ፣ እኔ አለቀስኩ።

«ተነስ» አሉ ሐጂ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ይሳሳታል፤ የሠሪን ምልክት የባለቤት ነው ብለሃል፣ እኔም ዶሮው የግሪኩ ወስም ይመስለኝ ነበር። በዚህ አልተቀየምኩህም። ቃልህን ለማጠፍ መምጣትህንም አይቻለሁ፤ አላህ ይስጥህ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላዩኝም፣ ሐጂ?» አልኳቸው። ሞኝ ነኝ፣ ዝም ብዬ ብወጣ ምን ነበረበት!

ፊታቸውን ወደ እኔ ለማዞር ሲሞክሩ አመማቸውና ተውት፤ ወደ ግድግዳው እንዳዩ ነው የተናገሩት።

«ማክሰኞ ዕለት ‹የካፒቴኑ ነው› ስትል ፈገግ ብለህ ነበር። ጅራፉን እረሳዋለሁ። እሱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።»

ፈገግ ማለቴን አላውቅም ነበር። ቤቴ እስክደርስ ሳስብ አስታወስኩት። እውነታቸውን ነው። ተነንቴ የሚባል ሰው አስጠርቶኝ፣ አዋቂ ተብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስጠየቅ ደስ ብሎኛል። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔ ደስ ብሎኛል። እስከዚያ ቀን የበደልኩት በስሕተት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ በሥራዬ ላይ ምልክት ማድረግ ጀምሬአለሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ብዬ ነው። «ይኼ የማን ሥራ ነው? ስንት ዘመኑ ነው?» ብሎ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬም ድረስ ይመጣል። እይዘዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ ነገ ተመለስ እለዋለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ ይኼን ለማለት አሁንም ይከብደኛል፣ ተሻሽዬአለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የማውቀውን ስናገር ደግሞ ልጆቼ የሚስቁብኝ አንድ ልማድ አለኝ፦ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከንፈሬን በጣቴ እዳስሳለሁ። ምክንያቱን ጠይቀውኝ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ይኸው አሁን ያነቡታል።